ብዙ ሰዓት ሸጦ አንድ ውድ ሰዓት መግዛት

(በሬዲዮ ከቀረበ ትምህርት ለኅትመት የተዘጋጀ)

 ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው አላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

 ከዚሁ ከአየር ጤና አንድ ወንድማችን ጥያቄ ልኮልናል። ባለፉት ዓመታት ጥቂት በጥቂት የገዛቸውና በስጦታ ያገኛቸው 11 የእጅ ሰዓቶች አሉት። ከመካከላቸው አንዱ ከሟች አባቱ የቀረ ነው፤ አንዱ ደግሞ የወርቅ ነው። አሁን አብዛኞቹን ሸጦ፣ ጥቂት ጨምሮበት፣ ዕድሜ ልኩን የሚያስረው አንድ ጥሩ የስዊዘርላንድ ሰዓት ሊገዛ አስቧል። ባለቤቱ «አሥራ አንድ ሰዓት ያለው ሰው ሌላ ሰዓት ምን ያደርግለታል?» አለችው። ጓደኞቹም ብክነት ነው ብለው አከራከሩት። እርሱ ደግሞ «ብዛቱን ቀንሼ ጥራቱን ብጨምር ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?» ይላል።

አጭሩ መልስ፣ ብዙውን ሸጦ አንድ መግዛት በራሱ የተከለከለ ነገር አይደለም። እንዲያውም ንብረትን መቀነስ ስለሆነ ልብን የሚያሳርፍበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ከዚያ በፊት ሦስት ነገሮች በግልጽ መታወቅ አለባቸው። አንደኛ፣ የሚገዛው ነገር በእርግጥ ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ከሚሸጡት ሰዓቶች መካከል በእርግጥ የእርሱ የሆነው የትኛው ነው? ሦስተኛ፣ ሽያጩና ግዢው የሚፈጸመው በምን መንገድ ነው? እነዚህን በየተራ እንመልከት።

የሚገዛው ጊዜ አይደለም

ብዙ ሰው ውድ ሰዓት ከርካሹ ይልቅ ጊዜን በትክክል ይቆጥራል ብሎ ያስባል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በባትሪ የሚሠራ ሰዓት ውስጥ ኳርትዝ የሚባል ትንሽ ድንጋይ አለ፤ በአንድ ሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። በዚህም ምክንያት ተራ የሚባለው ባለ ባትሪ ሰዓት በአንድ ወር ውስጥ የሚሳሳተው ከ15 ሰከንድ ገደማ አይበልጥም። በሞላ የሚሠራው ሜካኒካል ሰዓት ግን አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ ከ6 እስከ 8 ጊዜ ብቻ ነው የሚመታው። በስዊዘርላንድ የሰዓት መመርመሪያ ተቋም ለ15 ቀናት ተፈትኖ «ክሮኖሜትር» የሚል ማረጋገጫ ያገኘው እንኳ በቀን 4 ሰከንድ ወደ ኋላ ቢቀር ወይም 6 ሰከንድ ቢቀድም እንደ ትክክለኛ ይቆጠራል። በቀን 6 ሰከንድ ማለት በወር 3 ደቂቃ ነው። እንግዲህ የሶላትን ወቅት ለመጠበቅ ብቻ ከሆነ፣ ርካሹ ካሲዮ ከውዱ ሰዓት የተሻለ ያገለግላል ማለት ነው።

ይህ ልዩነት የሰዓት ሠሪዎችንም ኑሮ አናግቶ ነበር። የጃፓኑ ሴኮ ኩባንያ የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 1969 ለገበያ ካቀረበ በኋላ፣ በስዊዘርላንድ 90,000 ገደማ የነበረው የዘርፉ ሠራተኛ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 30,000 ገደማ ወርዷል። ከዚያ ወዲህ የስዊዘርላንድ ኩባንያዎች የሚሸጡት ትክክለኛ ጊዜን ብቻ ሳይሆን የእጅ ጥበብን፣ ዕድሜንና ስምን ነው። ይህን የሚያውቅ ገዢ አይታለልም። ወንድማችን ውድ ሰዓት ሲገዛ የሚከፍለው ተጠግኖ ለልጅ የሚተላለፍ ጥሩ የእጅ ሥራን ለማግኘት ነው። የዋጋው ቀላል የማይባል ክፍል ግን ለስሙ ይሄዳል።

ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። በአንዳንድ ውድ ሰዓቶች ውስጥ ያለው የቀን መቁጠሪያ ለእኛ አገር የተሠራ አይደለም። ወሩ 30 ወይም 31፣ የካቲት ደግሞ 28 ወይም 29 መሆኑን ራሱ የሚያውቀው ሰዓት የሚያውቀው የፈረንጆቹን ወር ነው፤ ጳጉሜን አያውቃትም። በተራው ባለ ቀን ሰዓት የኢትዮጵያን ቀን ለመከተል የሚፈልግ ሰውም፣ ከጳጉሜን በቀር ወራችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ፣ በየወሩ 31ን በእጁ መዝለል አለበት። ለሂጅራ አቆጣጠር የተሠራ ሰዓትም አለ። ፓርሚጃኒ ፍለርዬ የተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ የሠራው የሂጅራ መቁጠሪያ እ.ኤ.አ በ2020 በጄኔቭ የሰዓት ውድድር የፈጠራ ሽልማት አግኝቷል። እርሱም ቢሆን በ30 ዓመት ዑደት በስሌት የሚቆጥር ነው፤ የረመዷንን ጨረቃ ወጥቶ አያይም። ስለዚህ ለማንጠቀምበት ሥራ ገንዘብ እንዳንከፍል እንጠንቀቅ።

የትኛው ይቅር? የትኛው ይሂድ?

ሰዓቶቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ «የምወደው የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ አያዋጣም፤ ሁሉንም ይወዳቸዋልና ነው የሰበሰባቸው። የሚሻለው «ባለፈው አንድ ዓመት ያሰርኩት የትኛውን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለማረጋገጥ ለሦስት ወር ያህል በየዕለቱ ያሰረውን ሰዓት በወረቀት ይመዝግብ። ብዙ ጊዜ የሚታየው ከአሥሩ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ብቻ ሥራ ላይ መሆናቸው ነው። የቀሩት ሣጥን ውስጥ ቆመው ይጎዳሉ። የሞተ ባትሪ በጊዜ ካልወጣ ፈስሶ የውስጡን ዕቃ ይበላል፤ የሜካኒካሉም ዘይት ከዓመታት በኋላ ይደርቃል።

ከሚቀሩት መካከል አንዱ ርካሽና ጠንካራ ቢሆን ይመረጣል። ለገበያ፣ ለሥራ፣ ለጉዞ የሚሆን ማለት ነው። ከመርካቶ ወደ አየር ጤና በሚመጣ የተጨናነቀ ታክሲ ውስጥ ሚሊዮን ብር በእጁ አስሮ የሚቀመጥ ሰው ልቡ አያርፍም። በተጨማሪም ውዱእ አለ። በቀን አምስት ጊዜ እጁን የሚያጥብ ሰው ውሃው ከማሰሪያው ሥር መድረሱን ማረጋገጥ ስላለበት፣ ሰዓቱን ያወጣል ወይም ያንቀሳቅሳል። በሰዓቱ ጀርባ ላይ «30 ሜትር» ተብሎ ቢጻፍ እንኳ ለርጭት ያህል እንጂ ለዋና ወይም ውሃ ውስጥ ለመንከር እንደማይሆን ይወቅ። ውሃ የሚከለክለው ቀጭን ጎማም ከጊዜ በኋላ ስለሚደርቅ መቀየር አለበት።

የሰዓት ዋጋ በተገዛበት ቀን አያልቅም። ጥሩ ሜካኒካል ሰዓት እንደ አሠራሩ ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ተፈትቶ፣ ታጥቦና ዘይት ተቀብቶ መልሶ መገጣጠም አለበት። ለውድ ሰዓት መለዋወጫው ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ይሰላል። በመሆኑም «ልገዛው እችላለሁ ወይ?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «ላሠራው እችላለሁ ወይ?» የሚለውም ይጠየቅ።

ሣጥኑ ውስጥ ያለው ሁሉ የእኔ ነውን?

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ ደረስን። ወንድማችን በጥያቄው የአባቱን ሰዓት ከሌሎቹ ጋር አብሮ ቆጥሮታል። ግን ያ ሰዓት የማን ነው?

ሰው ሲሞት የተወው ንብረት ሁሉ፣ ትልቁም ትንሹም፣ የቀብር ወጪው፣ ዕዳውና ኑዛዜው ከወጣ በኋላ የወራሾች ነው። ሱረቱ-ኒሳእ ከ11ኛው አንቀጽ ጀምሮ ድርሻቸውን አንድ በአንድ ዘርዝራለች። ልጆች ካሉ የሟች ሚስት አንድ ስምንተኛ አላት። ሴት ልጅም የወንዱን ግማሽ ታገኛለች እንጂ ባዶ እጇን አትቀርም። በእኛ አገር ቤቱና መሬቱ ሲከፋፈል ሽማግሌ ይጠራል፤ ሰዓት፣ ጋቢ፣ ራዲዮንና ከዘራን ግን ቀድሞ የደረሰው ልጅ ያነሣቸዋል። እናትና እህቶች ደግሞ ያፍራሉና ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ግን መብታቸውን አያጠፋውም።

ስለዚህ ድርሻው ሲከፋፈል ያ ሰዓት ለእርሱ ደርሶት ከሆነ ወይም አዋቂ የሆኑት ወራሾች ሁሉ ወደው ከሰጡት የእርሱ ነው። ይህ ካልሆነ፣ ከመሸጡ በፊት እናቱን «እማዬ፣ ይህን የአባባን ሰዓት ልሸጠው አስቤ ነበር፤ ምን ትያለሽ?» ብሎ ይጠይቃት። እህቶቹንም ይጠይቅ። ከወራሾቹ መካከል ያልደረሰ ልጅ ካለ የእርሱን ድርሻ ማንም ሊለግስለት አይችልም፤ ተሰልቶ ይቀመጥለታል። ሰዓቱ ርካሽ ነው ማለት ሐቁ ቀላል ነው ማለት አይደለም።

የባለቤትነት ጥያቄ ትልቁን ሰዓት እንኳ እንዴት እንደሚያስቆመው አገራችን ታውቃለች። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ በ1954 ስዊዘርላንድን በጎበኙ ጊዜ እንደተበረከተላቸው የሚነገርለት የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት አለ። ቁጥሩ 2497 የሆነው ይህ ሰዓት ቀኑን፣ ወሩንና የጨረቃዋን መልክ የሚያሳይ ነው። እ.ኤ.አ በ2017 ክሪስቲስ የተባለው ታዋቂ የጨረታ ድርጅት በጄኔቭ ሊሸጠው ካስታወቀ በኋላ፣ የንጉሡ ቤተሰቦች የባለቤትነት ጥያቄ በማንሳታቸው ከጨረታው አወጣው። የዓለም ሀብታሞች በሚሰበሰቡበት አዳራሽ ውስጥ ያ ሁሉ ዋጋ «ይህ ዕቃ ከማን እጅ፣ በምን መንገድ ወጣ?» በሚል አንድ ጥያቄ ቆመ። ከዚህ የምንረዳው፣ ከመሸጥም ሆነ ከመግዛት በፊት የዕቃውን ምንጭ ማወቅ ግዴታችን መሆኑን ነው። በርካሽ የቀረበልን ውድ ሰዓት ከሌላ ሰው እጅ የተነጠቀ ሊሆን ይችላል።

ወራሾቹ ሁሉ ቢፈቅዱለት እንኳ ለወንድማችን አንድ ምክር አለን። በገበያ ላይ የአባቱ ሰዓት ያገለገለ አሮጌ ሴኮ ነው፤ ብዙ ብር አያመጣለትም። በእርሱ ቤት ግን ሌላ ነገር ነው። ከአሥራ አንዱ አንዱ ብቻ ይቅር ቢባል እርሱ ይቅር።

የወርቁ ሰዓት

ወርቅ ለወንድ አይፈቀድም፤ በዚህ ላይ አራቱም መዝሀቦች ይስማማሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሰው ጣት ላይ የወርቅ ቀለበት አይተው አውልቀው እንደጣሉበት ሙስሊም ዘግበዋል። የእርሳቸው ማኅተም የነበረው ቀለበት የብር ነበር። ስለዚህ የሚገዛው አዲስ ሰዓት የብረት፣ የታይታኒየም ወይም የፕላቲኒየም ቢሆን ችግር የለውም። ግማሹ ብረት ግማሹ እውነተኛ ወርቅ የሆነውንም ወንድ ይራቀው። ስስ የወርቅ ቀለም የተቀባውን በተመለከተ ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት አላቸው፤ መተው ግን ለልብ ሰላም ነው።

አሁን ያለውን የወርቅ ሰዓት ለመሸጥ ይችላል፤ ለሴቶች የተፈቀደ ንብረት ነውና። ነገር ግን በወርቅ ሽያጭ ላይ ሁለት ነገሮችን ይጠብቅ። አንደኛው፣ ክፍያው እዚያው በእጅ በእጅ ይፈጸም፤ ለሚቀጥለው ወር አይባል። ሁለተኛው፣ በሌላ የወርቅ ሰዓት አይለውጠው። በኸይበር ዘመቻ ጊዜ ፈዷላ ኢብኑ ዑበይድ (ረ.ዐ) ወርቅና ዶቃ የተቀላቀለበትን የአንገት ጌጥ በ12 ዲናር ገዙ። ሲለያዩት ግን ወርቁ ብቻ ከ12 ዲናር በላይ ሆኖ ተገኘ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) እንዲህ ያለው ዕቃ ወርቁ ለብቻው ሳይለይ በወርቅ እንዳይሸጥ አስተማሩ። የወርቅ ሰዓትም ወርቅና ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ዕቃ ነው። ስለዚህ በገንዘብ ሸጦ በገንዘቡ መግዛት ንጹሑ መንገድ ነው።

ሁለት ቁና ተምር በአንድ ቁና

ብረት ሰዓቶቹን በተመለከተ መንገዱ ሰፊ ነው። አምስት ሰዓት ሰጥቶ አንድ መቀበል ወይም ሦስት ሰዓት ሰጥቶ ገንዘብ መጨመር ይችላል፤ ሰዓት ወለድ ከሚገባባቸው ከወርቅ፣ ከብር፣ ከስንዴ፣ ከገብስ፣ ከተምርና ከጨው ወገን አይደለምና።

የሆነ ሆኖ የቢላልን (ረ.ዐ) ታሪክ እናስታውስ። ቢላል ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምርጥ ተምር አመጡ። ከየት እንዳገኙት ሲጠየቁ ሁለት መስፈሪያ ደካማውን ሰጥተው አንድ መስፈሪያ ምርጡን እንደተቀበሉ ተናገሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህ ራሱ ወለድ መሆኑን ነገሯቸው፤ ደካማውን በገንዘብ ሸጠው በገንዘቡ ምርጡን እንዲገዙም አመለከቷቸው። ሕጉ ለተምርና ለመሰሎቹ ነው፤ ጥበቡ ግን ለሰዓትም ይሠራል። «አሥሩን አምጣና አንዱን ውሰድ» በሚል ንግድ ውስጥ የእያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ ይጠፋል። አሥሩን በአንድ ላይ የሚጠቀልል ነጋዴም ትርፉን አስቀድሞ ቀንሶ ነው የሚተምናቸው። አንድ በአንድ የሚሸጥ ሰው ይዘገያል፤ ሆኖም ምን ሰጥቶ ምን እንደተቀበለ ያውቃል።

ሲሸጥም ጉድለቱን ይናገር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ውስጥ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከውስጥ እርጥበት አገኙ፤ ሻጩንም ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ወደ ላይ እንዲያወጣው አዘዙት። የሰዓትም እርጥበት ከውስጥ ነው። ውሃ ገብቶበት ያውቃል? መስታወቱ ወይም ፊቱ ተቀይሯል? በቀን ስንት ደቂቃ ይቀድማል? እነዚህን ገዢው ሳይጠይቅ ሻጩ ይንገረው። ፎርጅድ ሰዓት ካለው ደግሞ «እንደ ኦሪጅናል ነው» እያለ አይሸጠው። ይህ ማታለል ከመሆኑም በላይ የሌላውን የንግድ ምልክት መስረቅ ነው፤ በአገራችንም የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ወጥቶለታል።

ሲገዛም እንደዚሁ ይጠንቀቅ። የሰከንድ ቆጣሪው እየተንሳፈፈ መሄዱ የኦሪጅናልነት ማስረጃ አይደለም፤ ፎርጅዱም ይንሳፈፋል። «ስዊዝ ሜድ» የሚለው ጽሑፍም በሕግ የሚሰጠው፣ እ.ኤ.አ ከ2017 ጀምሮ፣ ከማምረቻ ወጪው ቢያንስ 60 በመቶው በስዊዘርላንድ የወጣበት ለሆነ ሰዓት ነው፤ አታሚ ግን በማንኛውም ፊት ላይ ሊያትመው ይችላል። ስለዚህ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት የኋላ ክዳኑ በታመነ ሰዓት ሠሪ ተከፍቶ ይታይ፤ ቁጥሩም ከወረቀቱ ጋር ይመሳከር።

የተጠራቀመው ገንዘብ

ለግል መታሰሪያ የተገዛ የብረት ሰዓት፣ ውድም ቢሆን፣ ዘካ የለበትም። ሦስት ነገሮች ግን ይለያሉ። አንደኛ፣ አትርፎ ለመሸጥ ብሎ የገዛቸው ካሉ የንግድ ዕቃ ናቸው፤ የጨረቃ ዓመት ሲሞላ በገበያ ዋጋቸው ተተምነው 2.5 በመቶ ይወጣባቸዋል። ሁለተኛ፣ የወንዱ የወርቅ ሰዓት ወርቅ ሆኖ ይቆጠራል። ለምሳሌ ባለ 18 ካራት የሆነ 100 ግራም አካል ውስጥ 75 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለ፤ ኒሷቡ 85 ግራም ነውና ከሌላ ወርቁና ገንዘቡ ጋር ይደመራል። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ሰዓቶቹ ተሸጠው ገንዘቡ «ቀሪው እስኪሞላ» ተብሎ ሲቀመጥ ጥሬ ገንዘብ ሆኗል። ኒሷብ ሞልቶ ዓመት ከዞረበት ዘካ ይወጣበታል። ለሰዓት የታሰበ ነው ማለት አያድነውም።

ቀሪውን ለመሙላት በወለድ መበደር ግን ፈጽሞ አይገባም። ከወለድ ነፃ የሆነ ብድር ቢገኝ እንኳ ለቅንጦት ዕቃ ባለዕዳ መሆን ብልህነት አይደለም። «ሰዓቱ ዋጋው ይጨምራል፤ እንደ ቁጠባ ነው» የሚሉ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉ እውነት ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በብር ሲተመን ተወድዷል። ይሁንና በዓለም ገበያ ያገለገሉ ውድ ሰዓቶች ዋጋ እ.ኤ.አ በ2022 መጀመሪያ ጣሪያ ነክቶ ከዚያ ወዲህ ብዙ ወርዷል። ሰዓት ለማሰር ይገዛ እንጂ ለሀብት መጠበቂያ ተብሎ አይታመንበት።

ታዲያ ብክነት ነው ወይስ አይደለም?

ሱረቱል ፉርቃን በ67ኛው አንቀጿ የአላህ ባሮች ሲያወጡ የማያባክኑም የማይሰስቱም፣ መካከለኛ የሆኑ መሆናቸውን ትነግረናለች። መካከሉ ግን ለሁሉም ሰው አንድ ቁጥር አይደለም። አንድ ባልደረባ ልብሱና ጫማው እንዲያምርለት ስለሚወድ ሰው በጠየቀ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኩራት ማለት እውነትን መግፋትና ሰውን መናቅ መሆኑን አስረድተዋል፤ ማማርን አልከለከሉም። ስለዚህ ሰዓቱ ውድ ስለሆነ ብቻ «አባካኝ» ማለት አንችልም።

መለኪያው እንዲህ ነው። የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይ፣ የእናት ቀለብና የሰው ዕዳ ተከፍለዋልን? የተሸጠው ንብረት በሐቅ የራሱ ነውን? የሚጨመረው ገንዘብ ሌላውን ሳይጎዳ ከራሱ ኪስ የሚወጣ ነውን? ባለቤቱስ ተማክራ ታውቃለችን? ጥያቄዋ የንዝንዝ ጥያቄ አይደለም፤ የቤቱን ወጪ የምታውቀው እርሷ ናት። ሁሉንም «አዎን» ብሎ ከመለሰ፣ አሥሩን ሸጦ አንዱን ማሰሩ ሐላል ነው፤ ሣጥን ሙሉ ሰዓት ከማጠራቀምም ይሻላል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ግን የጎደለው ይቅደም፤ ሰዓቱ ይጠብቃል።

አላህ የሰጠንን ጊዜና ንብረት በሐቅ የምንጠቀምበት ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።